ቀይ ነጥብ ፍለጋ፦ ከሄርሼል ካርታ ላይ አቧራማ ጋላክሲዎችን የመልቀም የሥራ ማስታወሻ

ሳምንት 1፣ ጥቅምት። ካርታ መምረጥና ማውረድ

የመረጥኩት የሰማይ ክፍል በድራኮ ኅብረ ኮከብ ውስጥ ያለ፣ ስፋቱ 7 ካሬ ዲግሪ የሚጠጋ ቦታ ነው። ሙሉ ጨረቃን 35 ጊዜ ያህል ጎን ለጎን ቢደረድሩ ይሸፍኑታል። ባለሙያዎቹ ኤፍ ኤል ኤስ ይሉታል። የአውሮፓ የጠፈር ኤጀንሲ ሄርሼል ቴሌስኮፕ ሄርሜስ በተባለው ቅኝት ያነሳው ሲሆን፣ ካርታው ለማንም ክፍት ነው። ገንዘብ አያስከፍልም፤ ደብዳቤም አያስጽፍም። ባሕር ዳር የምኖር የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ መምህር ይህን ሥራ በራሱ ላፕቶፕ ሊጀምር የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህን ቦታ የመረጥኩት መልሱ አስቀድሞ የታወቀ አንድ ጋላክሲ ስላለበት ነው። ስሙ ኤች ኤፍ ኤል ኤስ 3 ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2013 ይፋ ሲደረግ ብርሃኑ የተነሳው ከቢግ ባንግ በኋላ 880 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ላይ መሆኑ ተረጋግጧል። ዘዴዬ ትክክል ከሆነ እሱን ማግኘት አለበት። ካላገኘው የሚስተካከለው ዘዴዬ ነው።

የምፈልገው እንዲህ ያለ ነው። በአንድ ጋላክሲ ውስጥ ብዙ ኮከቦች በአንድ ጊዜ ሲወለዱ በዙሪያቸው ያለው አቧራ ብርሃናቸውን ውጦ ይሞቃል። ሙቀቱ ግን በአሥር ቤት በሚቆጠር ኬልቪን ብቻ ነው። ስለዚህ መልሶ የሚለቀው ጨረር የሚበረታው 100 ማይክሮሜትር አካባቢ ነው። ጋላክሲው ሩቅ ሲሆን የሕዋው መስፋት ይህን ሞገድ ይለጥጠዋል። የመለጠጡ መለኪያ ሬድሺፍት ይባላል፤ በሬድሺፍት 4 ሞገዱ አምስት እጥፍ (አንድ ሲደመር 4) ተለጥጦ 500 ማይክሮሜትር ላይ ይደርሳል። ስፓየር የተባለው የሄርሼል ካሜራ በ250፣ በ350 እና በ500 ማይክሮሜትር ያነሳ ነበር። ስለዚህ የምፈልገው በ250 የደከመ፣ በ350 የተሻለ፣ በ500 ደግሞ ከሁሉም የደመቀ ነጥብ ነው። በዚህ ማስታወሻ ውስጥ «ቀይ» የምለው እንዲህ ያለውን ነው።

ማውረዱ ሁለት ሌሊት ፈጀ። የመጀመሪያው ሌሊት መብራት ጠፍቶ ፋይሉ ከግማሽ ተቆረጠ። በሁለተኛው ከቆመበት መቀጠል የሚችል የማውረጃ ፕሮግራም ተጠቀምኩ። ለኢንተርኔት ጥቅል 200 ብር አወጣሁ።

ሳምንት 2። በተሳሳተው ካርታ መጀመር

የ250 ማይክሮሜትር ካርታ ከሦስቱ ሁሉ ጥርት ያለ ነው። በእሱ ላይ የአንድ ነጥብ ስፋት 18 አርክሰከንድ (አንዱ የዲግሪ 3,600ኛ ክፍል ነው) ሲሆን በ350 ላይ 25፣ በ500 ላይ ደግሞ 36 ይደርሳል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የቴሌስኮፑ መስታወት 3.5 ሜትር ብቻ ስለሆነ ሞገዱ በረዘመ ቁጥር ምስሉ ይደበዝዛል። እኔም ጥርት ባለው ልጀምር ብዬ በ250 ላይ ከ20 ሚሊጃንስኪ (የብሩህነት መለኪያ ነው) በላይ የሆኑትን ነጥቦች ለቀምኩ፤ ከዚያም በሌሎቹ ካርታዎች ላይ አቻቸውን ፈለግሁ።

በሺዎች የሚቆጠሩ ነጥቦች ወጡ። ኤች ኤፍ ኤል ኤስ 3 ግን አልነበረም።

ኮዱን ሁለት ቀን ስፈትሽ ከቆየሁ በኋላ የታተመውን የጋላክሲውን መጠን ተመለከትኩ፦ በ250 ላይ 12.0፣ በ350 ላይ 32.4፣ በ500 ላይ 47.3 ሚሊጃንስኪ። ደጃፉን 20 ላይ ተክዬ 12 የሆነውን እየጠበቅሁ ነበር። ስህተቱ ኮዱ ውስጥ አልነበረም። በ250 የሚደክም ነገር እየፈለግሁ መጀመሪያ በ250 እንዲደምቅ ጠይቄው ነበር። ደጃፉን ዝቅ ማድረግም አያዋጣም። ጥልቀት ባላቸው የሄርሼል ካርታዎች ላይ ዋናው ጫጫታ ከመሣሪያው አይመጣም፤ ተለያይተው የማይታዩ ደካማ ጋላክሲዎች እርስ በርስ ሲደራረቡ የሚፈጠር ነው። በ250 ላይ 5.8 ሚሊጃንስኪ ያህል ይሆናል። 12 የሆነ ነጥብ የዚህ ሁለት እጥፍ ብቻ ነው።

ሳምንት 3። ከ500 መነሳት

አሁን በ500 ካርታ ላይ ከ30 ሚሊጃንስኪ በላይ የሆኑትን ለቀምኩ። ከ500 በላይ ነጥቦች ወጡ። በእያንዳንዱ ቦታ ላይ በ250 እና በ350 ካርታዎች ያለውን ዋጋ አነበብኩ። 143ቱ ቀይ ሆኑ። ኤች ኤፍ ኤል ኤስ 3 ከመካከላቸው ነበር፤ ሌሊቱን ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

በማግስቱ 143ቱን አንድ በአንድ በዓይኔ ማየት ጀመርኩ። አሥረኛው ላይ ስደርስ ደስታዬ ቀነሰ። በ500 ላይ አንድ ክብ ነጥብ ሆኖ የሚታየው በ250 ላይ ግራና ቀኝ የተቀመጡ ሁለት ነጥቦች ሆኖ ይገኛል። የ500ው መሀል የሚያርፈው በሁለቱ መካከል ባለው ባዶ ቦታ ላይ ነው። እኔም በ250 ያነበብኩት ያንን ባዶ ቦታ ነበር። ጋላክሲዎቹ ቀይ አይደሉም፤ ቀይ ያደረጋቸው የኔ አነባበብ ነው። ከ143ቱ ምን ያህሉ እንዲህ እንደሆኑ ለመቁጠር እንኳ አልሞከርኩም። ዘዴው ራሱ መለወጥ ነበረበት።

ሳምንት 4። ማደብዘዝ

መፍትሔው ሦስቱንም ካርታዎች እኩል ማደብዘዝ ነው። የ250ውም የ350ውም ነጥብ 36 አርክሰከንድ ሲሆን ሁሉም ካርታዎች ጎረቤቶችን በእኩል መጠን ያደባልቃሉ። ያኔ በአንድ ቦታ ላይ የሚነበቡት ሦስት ቁጥሮች ስለ አንድ ዓይነት የሰማይ ስፋት ይናገራሉ።

የእህቴ ልጅ አጠገቤ ተቀምጣ ስታይ «አጎቴ፣ የጠራውን ካርታ ሆን ብለህ ለምን ታበላሸዋለህ?» አለችኝ። ጥያቄዋ ትክክል ነው፤ እኔም ለመቀበል ጊዜ ወስዶብኛል። «የሦስት ሰዎችን ቁመት ስንለካ አንዱ ጫማ አድርጎ ሁለቱ ባዶ እግራቸውን ከሆኑ ልኬቱ አይሆንም፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ጫማ ያድርጉ ማለት ነው» አልኳት።

ስሌቱ አጭር ነው። ከ18 ወደ 36 ለመድረስ የሚያስፈልገው ማደብዘዣ ስፋቱ የ36 ካሬ ሲቀነስ የ18 ካሬ፣ የልዩነቱ ካሬ ሥር ነው፦ 31.2 አርክሰከንድ። ለ350 ደግሞ 25.9 ይሆናል። የ250 ካርታ አንድ ፒክስል 6 አርክሰከንድ ስለሆነ 31.2 ለ6 አካፍዬ 5.2 አልኩና በፓይተን ወዳለው ማደብዘዣ አስገባሁ።

ቀደም ሲል ከለቀምኳቸው ከ500 በላይ ነጥቦች ከሞላ ጎደል ሁሉም ቀይ ሆነው ወጡ።

በዚህ ጊዜ የተማርኩትን ልማድ እስከ ዛሬ አልተውኩም፦ ውጤት ሲያጠራጥር የታወቀ ነገር ማስገባት። ባዶ ካርታ ሠርቼ መሀሉ ላይ 50 ሚሊጃንስኪ የሆነ ሰው ሠራሽ ነጥብ አስቀመጥኩና በዚያው ኮድ አሳለፍኩት። 50 የነበረው 2.8 ሆኖ ወጣ። ሁለት ስህተቶች ተደራርበዋል።

አንደኛው፣ ማደብዘዣው የሚጠይቀው ሲግማ የተባለውን የስፋት መለኪያ ነው፤ እኔ የሰጠሁት በግማሽ ከፍታ ላይ የሚለካውን ስፋት ነው። ስፋቱ ለ2.355 መካፈል ነበረበት። 5.2 ሳይሆን 2.2 ፒክስል ማለት ነው። አስተካከልኩት፤ 50 አሁን 12.5 ሆነ። ልክ ሩብ። ይህ ሩብ ሁለተኛውን ስህተት ነገረኝ፦ የካርታው መለኪያ «ጃንስኪ በነጥብ ስፋት» ነው። ነጥቡ በስፋት እጥፍ ሲሆን በወለል አራት እጥፍ ይሆናል፤ ስለዚህ ከማደብዘዝ በኋላ ካርታው በ4 መባዛት አለበት። የ350 ካርታ ደግሞ በ2.07። ይህን ሳደርግ 50 ያስገባሁት 50 ሆኖ ወጣ።

ከዚያ በኋላ ሦስቱን ካርታዎች በአንድ የፒክስል መረብ ላይ ሳሰናዳ ላፕቶፑ ደርቆ ቆመ። 4 ጊጋባይት ራም አልበቃም። ቀበሌ አጠገብ ያለው የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያ ያገለገለ 8 ጊጋባይት በ3,200 ብር አስገባልኝ። የዚህ ሥራ ትልቁ ወጪ ይኸው ነው።

ሳምንት 5። የልዩነት ካርታ

የሄርሜስ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተመው ሥራ ላይ ያለውን ዘዴ ወሰድኩ። እነሱ ነጥቦችን በ500 ካርታ ላይ አይለቅሙም። እኩል ከደበዘዙት ካርታዎች ላይ የ500ውን በ0.920 ያባዛሉ፣ ከዚያ የ250ውን በ0.392 አባዝተው ይቀንሳሉ። ፍለጋው የሚደረገው በሚገኘው አዲስ ካርታ ላይ ነው። የሁለቱ ቁጥሮች ካሬ ሲደመር 1 ይመጣል።

ውበቱ የገባኝ በወረቀት ላይ ሳሰላው ነው። በሰማይ ላይ የተትረፈረፉት በመካከለኛ ርቀት ያሉ ጋላክሲዎች ናቸው። ለምሳሌ አንዱ በ250 ላይ 60፣ በ500 ላይ 20 ቢሆን፣ በልዩነቱ ካርታ ላይ 5 ገደማ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ኤች ኤፍ ኤል ኤስ 3 ግን 38.8 ሆኖ ይቆማል። እነዚያ ተራ ጋላክሲዎች ሲደራረቡ የፈጠሩት ጫጫታም በሁለቱም ካርታዎች ላይ ስላለ ሲቀናነስ አብዛኛው ይጠፋል። ብዙኃኑን አጥፍቶ ጥቂቱን የሚያስቀር ወንፊት ነው።

ካርታውን ከፈትኩ። ሰማዩ ጠቆር ብሎ፣ ብሩሆቹ ጋላክሲዎች ጉድጓድ ሆነው፣ እዚህም እዚያም ጥቂት ነጥቦች ብቻ ቆመው ታዩ። ኤች ኤፍ ኤል ኤስ 3ን በ37 ሚሊጃንስኪ አገኘሁት። ከሚጠበቀው 38.8 ጋር ያለው ልዩነት ከጫጫታው ያነሰ ነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነበር፤ የምነግረው ሰው ስላልነበረ ማስታወሻው ላይ በትልቁ ጻፍኩት።

በጠቅላላው 61 ነጥቦች።

ሳምንት 6 እና 7። 61ን መንፋት

ከሥራው ሁሉ ረጅሙና ለእኔ በጣም የሚጣፍጠው ክፍል ይህ ነው። እያንዳንዱ ነጥብ ቀይ የመሰለበት ሌላ ምክንያት ሊኖረው ይችላልና፣ ምክንያቱ እስኪታወቅ ድረስ አላመንኩትም።

14ቱ የካርታው ጠርዝ ላይ ነበሩ። ሄርሼል ጠርዙን ጥቂት ጊዜ ብቻ ስላለፈበት ጫጫታው ከፍተኛ ነው። ይህን ከመጀመሪያው ቆርጬ መጣል ነበረብኝ። 47 ቀረ።

2ቱ በ1.4 ጊጋኸርዝ የሬዲዮ ካርታ ላይ በጣም ብሩህ ሆነው ተገኙ። እነዚህ ብሌዛር ሳይሆኑ አይቀሩም፤ በመሀላቸው ካለው ጥቁር ጉድጓድ የሚወጣው ጄት ወደ እኛ የዞረ ጋላክሲዎች ናቸው። ጨረራቸው ከአቧራ አይመጣም፤ ሞገዱ በረዘመ ቁጥር እየበረታ ስለሚሄድ ግን ቀይ ይመስላሉ። 45።

19ኙ በልዩነቱ ካርታ ላይ ጠንካራ ቢሆኑም በ350 ላይ ሲታዩ ከ500ው ካርታ ይልቅ ይደምቃሉ፣ ወይም በ500 ላይ 30 አይሞሉም። 26።

ቀጥሎ ያለው በቁጥር የማይፈታ ነው። 26ቱን ወደ መጀመሪያው ጥርት ያለ የ250 ካርታ መልሼ፣ ከስፒትዘር ቴሌስኮፕ የ24 ማይክሮሜትር ምስል ጋር ጎን ለጎን አየሁ። በ36 አርክሰከንድ ክብ ውስጥ ሁለት፣ አንዳንዴም ሦስት ጋላክሲዎች ያሉባቸው 12 ሆኑ። ለአንዱ ሦስት ቀን ሰጠሁት፤ ብርሃኑን ለሁለቱ ጎረቤቶች ባከፋፈልኩ ቁጥር መልሱ ይለዋወጣል። በመጨረሻ አወጣሁት፤ ግን የተሳሳትኩ ይመስለኛልና ቁጥሩን ለብቻው ይዤዋለሁ።

14 ቀረ።

መደራረብ እንደ እኔ ያለውን ጀማሪ ብቻ የሚያስቸግር አይደለም። ኤች ኤፍ ኤል ኤስ 3 ራሱ ሲታወቅ በዓመት 2,900 ፀሐይ የሚያህል ኮከብ የሚወልድ አንድ ግዙፍ ጋላክሲ ተብሎ ነበር፤ የእኛ ፍኖተ ሐሊብ የምትወልደው በዓመት ሁለት ፀሐይ ቢያህል ነው። በኋላ ከፊት ለፊቱ ያለ ጋላክሲ በስበቱ ብርሃኑን እንደሚያጎላው ታይቶ ቁጥሩ ዝቅ ተደረገ። ከዚያ የጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ 3 በ3 አርክሰከንድ በምታህል ቦታ ውስጥ በሬድሺፍት 6.34 እና 6.36 መካከል አምስት አካላት፣ ከፊታቸው ደግሞ ሁለት ቀረብ ያሉ ጋላክሲዎች ለየ። የእኔ ነጥብ ስፋት 36 አርክሰከንድ ነው። በእጄ ያሉት 14 ነጥቦች 14 ጋላክሲዎች ናቸው ብዬ አልጽፍም።

ሳምንት 8። ዘዴውን መመዘን

14 ማግኘት ብቻውን ምንም አይናገርም። ስንቱ አመለጠኝ? ስንቱስ ሐሰት ነው? በእውነተኛው ካርታ ላይ 35 ሚሊጃንስኪ የሆኑ 200 ሰው ሠራሽ ቀይ ነጥቦችን በትኜ ኮዱን ከጥግ እስከ ጥግ አስኬድኩ። 128ቱን አገኘ፤ 64 በመቶ። የተገኙት በአማካይ 35 ሳይሆን 39 ሆነው ነው የተለኩት። ምክንያቱ ይገባል፤ ጫጫታ ከፍ ያደረጋቸው ደጃፉን ሲያልፉ ዝቅ ያደረጋቸው ቀርተዋል። ስለዚህ በዝርዝሬ ላይ ያለው ብሩህነት ሁሉ በትንሹ የተጋነነ ነው።

ከዚያ ምንም ቀይ ጋላክሲ የሌለበት ሰማይ በኮምፒውተር ፈጥሬ ያንኑ አደረግሁ። 4 ቀይ ነጥቦች ወጡ። ከምንም።

14 ሲቀነስ 4፣ ለ0.64 ሲካፈል 16 ገደማ፤ በካሬ ዲግሪ 2.2፣ ስህተቱ 0.8 ያህል። የሄርሜስ ቡድን በ21 ካሬ ዲግሪ ላይ 38 ዕጩዎች አግኝቶ፣ ያመለጠውንና ሐሰቱን አርሞ ያወጣው ቁጥር 3.3 ሲሆን ስህተቱ 0.8 ነው። የኔ አነስ ይላል፤ ግን አይጋጭም። ማነሱ ምናልባት በዓይን ስነፋ ስለበዛብኝ ነው፤ ሰው ሠራሾቹን ነጥቦች በዓይን አልነፋኋቸውምና ያ ክፍል በሂሳቡ ውስጥ የለም። በሚቀጥለው ዙር ሰው ሠራሾቹን ከእውነተኞቹ ጋር ቀላቅዬ፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ ሳላውቅ አያቸዋለሁ።

ሳምንት 9። ርቀት ለመገመት መሞከር

ሦስት ቁጥር ካለኝ አቧራው የሚለቀውን ጨረር ቅርጽ ገጥሜ ሬድሺፍቱን ማውጣት የምችል መስሎኝ ነበር። የአቧራውን ሙቀት 35 ኬልቪን አድርጌ ኮድ ጻፍኩና መጀመሪያ ኤች ኤፍ ኤል ኤስ 3ን ሰጠሁት። 3.6 አለኝ። እውነተኛው 6.34 ነው።

ከካርታው የሚነበበው ሙቀት ሲካፈል ለአንድ ሲደመር ሬድሺፍት ብቻ ነው። 35 ኬልቪን በሬድሺፍት 4 እና 28 ኬልቪን በሬድሺፍት 3 ሁለቱም 7 ይሰጣሉ፤ ካርታው አይለያቸውም። የኤች ኤፍ ኤል ኤስ 3 አቧራ 56 ኬልቪን ገደማ ስለሆነ ኮዴ ቀረብ አድርጎ አስቀመጠው። የርቀቱ ጉዳይ የተፈታው ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ውሃና ካርቦን በሚለቁት የጨረር መስመሮች ነው፤ ይህ ደግሞ ትልቅ የሬዲዮ ቴሌስኮፕ ይፈልጋል። በዝርዝሬ ላይ የሬድሺፍት ዓምድ ነበረ፤ ሰርዤዋለሁ።

ቀይ ሆኖ መገኘት ሩቅ ለመሆን ዋስትና አይደለም። ዕድሉን ግን ከፍ ያደርጋል። የሄርሜስ ቡድን መጀመሪያ ከተከታተላቸው አምስት ዕጩዎች አራቱ ከ4.3 እስከ 6.3 ሬድሺፍት ላይ ሲገኙ አምስተኛው 3.4 ላይ ቆሟል። በሦስት ካርታ ብቻ ለሚጀምር ሰው ይህ ብዙ ነው።

ሳምንት 10፣ ታኅሣሥ። ቦታ መቀየር

14ቱን በቺሊ ያለው አልማ ቴሌስኮፕ ቀድሞ አይቷቸው እንደሆነ ክፍት በሆነው መዝገቡ ውስጥ ልፈልግ ተነሳሁ። አንድም የለም። ሰዓት ከባከነ በኋላ ነው የገባኝ። ይህ ቦታ ከሰማይ ወገብ 59 ዲግሪ ወደ ሰሜን ነው፤ አልማ ደግሞ ከምድር ወገብ 23 ዲግሪ ወደ ደቡብ። ከዚያ ሆኖ ሲታይ ቦታው ከአድማስ በላይ 8 ዲግሪ ብቻ ነው የሚወጣው። ቦታ ስመርጥ መጠየቅ የነበረብኝ ጥያቄ ነበር። ሊያዩት የሚችሉት በፈረንሳይ አልፕስ ያለው ኖኤማ እና በሃዋይ ማውና ኬያ ተራራ ላይ ያሉት ቴሌስኮፖች ናቸው።

ስለዚህ ቀጣዩ ካርታ ኮስሞስ የተባለው ቦታ ነው። 2 ካሬ ዲግሪ ብቻ ቢሆንም ከሰማይ ወገብ 2 ዲግሪ ላይ ስላለ ከሰሜንም ከደቡብም ይታያል። አልማ በተደጋጋሚ አይቶታል። ቪ ኤል ኤ የተባለው የሬዲዮ ቴሌስኮፕም በ3 ጊጋኸርዝ ከአንድ አርክሰከንድ በታች በሆነ ጥራት ቀርጾታል። በ36 አርክሰከንድ ክብ ውስጥ ማን እንዳለ ለመለየት የሚያስፈልገኝ ይኸው ነው። ከባሕር ዳርም ሲያልፍ ከራስ በላይ ለመሆን 10 ዲግሪ እንኳ አይቀረውም።

የ500 ካርታው ዛሬ ማታ ወርዷል። የ250ውና የ350ው ይቀራሉ። ኮዱ ውስጥ የጠርዙን መቁረጫ መጀመሪያ ላይ አስገብቻለሁ፤ የ50 ሚሊጃንስኪው ሰው ሠራሽ ነጥብም ፕሮግራሙ በተነሳ ቁጥር በራሱ ይፈተሻል።